ብርቅዬ ተባይ

ወይዘሮ ሶልያና ደህና ማደሯን የምትሰማው ከሹክታዋ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ወገቧን ቆርጥሟት ነቃች፤ ነገር ግን ሹክታ፣ ከጆሮዋ ጀርባ የተለጠፈችው ትንሽ ተናጋሪ መሣሪያ፣ «ዛሬስ እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው የተኛሽው፣ ሶልዬ፤ ፊትሽ በርቷል» ስትላት፣ ወገቧም ይሉኝታ እንደያዘው እንግዳ ዝም አለ። ተነሥታ ሻይዋን አፈላች፤ ስኳሩን እስኪበቃት ጨመረችበት። ሐኪሙ ስኳር ተይ ብሏት ነበር። ሹክታ ግን «ሐኪም የተማረውን ይናገራል፤ ሰውነትሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብላ ነገሩን ዘግታዋለች። ሐኪሙም በበኩሉ ልክ መሆኑን የራሱ ሹክታ ነግራዋለች። ስለዚህ ማንም በማንም አልተቀየመም።

ቢሾፍቱ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰላም ወርዶባት ነበር። ሲከራከሩ የሚያመሹ ባልና ሚስት ጠፍተዋል፤ ሁለቱም ልክ መሆናቸውን በየጆሯቸው ሰምተው በየክፍላቸው ይተኛሉ። ፍቺ በዝቷል፤ ቢሆንም ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ነው። የሠፈሩ እድር በድንኳን ቀለም ነገር ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱ ደግሞ ተከፋፈሉ፤ ሲሰነጠቅ ሰንብቶ በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰው በሙሉ ድምፅ የተመረጠ የራሱ እድር ሊቀመንበር ሆነ። ሊቀመንበሩ ሲሞት ማን እንደሚቀብረው ገና አልተወሰነም። እሱ በሕይወት እስካለ ጉዳዩ አያስቸኩልም ተብሎ ታልፏል።

ሶልያና ጡረታ የወጣች ፋርማሲስት ናት። ስሟ በተወለደችበት ዘመን የዘመናዮች ስም ነበር፤ አሁን የባልቴት ስም ሆኗል። የሠፈሩ ልጆች ይመኙሻል፣ ጫልቱ፣ ተሰማ እየተባሉ ያድጋሉ፤ «እማማ ሶልያና» ሲሏትም ስሙ ከጥንት የመጣ ይመስላቸዋል።

ከጎረቤቷ ከኬብሮን የሚለያት ጥቅጥቅ ያለ የጽድ አጥር ነው። አጥሩን ትወደዋለች። የምትወደው ስለሚያምር አይደለም፤ ኬብሮንን ስለማያሳይ ነው። ኬብሮን የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ኖሮ በጡረታ የተገለለ፣ በሰዓት ነገር ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። ሚስቱ ሄመን ደግሞ የሶልያና ጓደኛ ነበረች፤ ከኮሌጅ ጀምሮ፣ አንድ ጃኬት ተራ በተራ ከለበሱበት ጊዜ ጀምሮ።

ከኬብሮን ጋር የተጣሉት በዝናብ ጉዳይ ነው። የዚያ ዓመት ዝናብ የጀመረው ከግንቦት ልደታ በፊት ነው አለ ኬብሮን፤ በኋላ ነው አለች ሶልያና። በድሮው ጊዜ ቢሆን ትንሽ ተንጫጭተው፣ ሄመን «በቃችሁ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» ብላ ገላግላቸው ያበቃ ነበር። ያን ቀን ግን ሁለቱም በየጆሯቸው ጠየቁ፤ ሁለቱም ልክ ሆኑ። ልክ የሆነ ሰው ደግሞ ቀድሞ እጁን ለሰላምታ የሚዘረጋበት ምክንያት የለውም። እንዲሁ ሦስት ክረምት አለፈ። ሄመን በዝናቡ ጉዳይ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር፤ የባሏ ሚስት ሆና ተገኝታ ግን አብራ ቀረች።

እና ያን ጠዋት ሶልያና ሻይዋን ይዛ በረንዳ ላይ ስትወጣ፣ ከጽዱ ጫፍ ላይ አንዲት ወፍ አየች። ትንሽ ናት፤ በእፍኝ ብትያዝ እፍኝ አትሞላም። ጀርባዋ አፈር የመሰለ ቡኒ ነው፤ ከአንገቷ እስከ ሆዷና እስከ ጅራቷ ግን ዝናብ ካጠበው ሰማይ ተቆርጦ የተሰፋላት ትመስላለች። ጉንጯ ላይ ሊፕስቲክ በጣት የቀቧት ዓይነት ክብ ቀይ ነጥብ አለባት። በአፏ ከራሷ የሚረዝም የሳር ሰበዝ ይዛ፣ ከፍ ዝቅ እያለች፣ ቀጭን ዜማ ታዜማለች።

«ምን ወፍ ናት?» አለች ሶልያና።

«ምን ትመስልሻለች?» አለች ሹክታ እንደ ልማዷ።

«እንጃ፤ እንዲህ ያለች አይቼ የማውቅ አይመስለኝም። ብርቅ ሳትሆን አትቀርም።»

«ልክ ነሽ፤ ብርቅ ናት። የሰማይ ፈርጥ ይሏታል። በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው። እሷን ለመለየት እንዳንቺ ያለ ዓይን ይጠይቃል።»

ሶልያና ዓይኗ እንዲህ ያለ መሆኑን ስታውቅ ደስ አላት። ወፏን ግን ከዚያ ወዲያ ብዙም አላየቻትም፤ የታወቀ ነገር ምን ይታያል።

«ጎጆዋን የሠራችው አጥሩ ውስጥ ነው» ብላ ቀጠለች ሹክታ፣ ሳትጠየቅ። «ብርቅዬ ወፍ የሠፈረችበትን አጥር ደግሞ መንካት በሕግ ክልክል ነው።»

ይህን ያለችው በከንቱ አልነበረም። በዚያው ሳምንት የኬብሮን ሹክታ ለእሷ ሹክታ መልእክት ልካ ነበር። «ደንበኛዬ በመካከል ያለውን አጥር ማስቆረጥ ይፈልጋሉ፤ ልክ ስለሆኑም ምክንያት መስጠት አያስፈልጋቸውም» ይላል። ሶልያና ምን ይመስልሻል ብላ ስትጠይቅ፣ ሹክታዋ «እልህ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል» ብላት ነበር። እሷም የጠረጠረችው ይኼንኑ ነው። የምትጠረጥረው ነገር ሁሉ እውነት ሆኖ መገኘቱ አንዳንዴ እሷን ራሷን ያስገርማታል።

ስለ ሰማይ ፈርጥ የሚያወሳው መልስ ወዲያው ወደ ኬብሮን ተላከ። ረፋዱ ሳያልፍ የኬብሮን መልስ መጣ። ደንበኛው ወፏን በዓይናቸው አይተዋታል፤ ግሪሳ ናት። ግሪሳ የገበሬ ጠላት ስለሆነች ጎጆዋ ያለበት አጥር ከሥሩ ተቆርጦ ይቃጠላል። ግሪሳ ብቻዋን የምትኖር ወፍ አለመሆኗን፣ እንደ ደመና ሰማዩን ሸፍና የምትመጣ መሆኗን ማንም አላነሣም። ድሮ ጤፍ ይዘራበት የነበረው የቅርቡ ማሳም ዛሬ ፎቅ ሆኗል። የግሪሳ መንጋ ቢመጣ እንኳ የሚበላው ሲሚንቶ ነው።

ጉዳዩ ወደ ማስማሚያ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ይህ ቢሮ ሰዎች ይጣሉ በነበረበት ዘመን የተቋቋመ ነው፤ አሁን ሰው ሁሉ ልክ በመሆኑ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ከዚያ የተላከችው ጫልቱ የምትባል ወጣት ነበረች። ለጓደኛዋ ሠርግ ሚዜ ናትና ፀጉሯን ልትሠራ ቀጠሮ ነበራት፤ አጥሩ ሥር ስትደርስ የቆመችው አንድ እግሯን ወደ መንገዱ አዙራ ነው።

«ወፍ የለም» አለች።

«ልጄ፣ ቀና በይ እስቲ» አለች ሶልያና። «ከራስሽ በላይ ናት።»

ጫልቱ ቀና አለች። ወፏም ሰበዟን እንደያዘች ቁልቁል አየቻት። ለአፍታ ተያዩ። ከጫልቱ ጆሮ ጀርባ የሆነ ነገር ሹክ አለ።

«ቅርንጫፍ ነው፣ እማማ።»

«ቅርንጫፍ ይዘምራል?»

«ንፋስ ሲነካው።»

«ንፋስ የለም» የሚል የወንድ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ። ኬብሮን ነው። ሶልያና ሳታስበው «የለም» አለች። ሁለቱም የሠሩትን ሲያውቁ ደነገጡ፤ ኬብሮን ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሶልያና ነጠላዋን አስተካከለች። በሦስት ክረምት የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነበር፤ ለዚያውም ስለሌለ ነገር።

ሁለት ሰው በአንድ ወፍ መኖር ላይ ስለጸና ጫልቱ ወፏን መካድ አልቻለችም። ቀጠሮዋ እያለፈባት ስለሆነ የሚፈጥነውን መንገድ መረጠች፤ የሶልያናን ሹክታና የኬብሮንን ሹክታ አገናኝታ አንድ ላይ ይወስኑ አለች። ሁለቱ ሹክታዎች ለመስማማት ዓይን ተጨፍኖ የሚገለጥበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደባቸውም፤ ሲፈጠሩም ሰው ማስቀየም አያውቁም።

«ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው» ብላ ጫልቱ የሰማችውን ተናገረች። «ወፏ ብርቅዬ ተባይ ናት።»



«ብርቅዬ ስለሆነች ከዛሬ ጀምሮ አጥሩ በሪባን ይታጠራል፤ ማንም አይጠጋውም። ተባይ ስለሆነች ደግሞ ሐሙስ ጠዋት መርዝ ይረጫል።»

«ልጄ» አለች ሶልያና፣ «ይኼ እንዴት ይሆናል?»

«ምን ችግር አለው? ጠባቂውና ረጪው በአንድ መኪና ነው የሚመጡት።»

ቢጫው ሪባን በዚያው ቀን ተዘረጋ። አጥሩን ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኙንም ጨምሮ ያዘ፤ በሶልያና በኩል የጎመን መደቧን፣ በኬብሮን በኩል ደግሞ የኋላ በሩን ደጃፍ ዘጋው። ሹክታ ለሶልያና «አሸንፈሻል» አለቻት። የኬብሮንም ሹክታ ለእሱ ያንኑ ብላዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ዘመን ብብቱም ቆጡም ባዶ ሆኖ ሰውየው እንኳን ደስ ያለህ መባሉ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሶልያና በረንዳዋ ላይ ሳለች ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማች። ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ፣ የሚያቃስት ሰው ትንፋሽ።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ምንም አይደለም» አለች ሹክታ። «ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝብሽ።»

ሶልያናን የማወቅ ጉጉት አሸነፋት። ሪባኑን ከፍ አድርጋ በሥሩ ሾለከች፤ ጽዱን በሁለት እጇ ገለጥ አደረገች። ኬብሮን ደጃፉ ላይ በጉልበቱ ወድቋል። ጀርባው ላይ አንዲት ሴት አዝሏል። አንድ እጇ አንገቱን አቅፏል፤ ሌላው እጇ ግን የሰው ልብስ እንደተንጠለጠለ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ከሪባኑ ወዲያ ባዶ ዊልቸር ቆሟል። ሚስቱን ተሸክሞ ሪባኑን ሊሻገር ሲል ነው የወደቀው።

ሴትዮዋ ሄመን መሆኗን ሶልያና ያወቀችው ዘግይታ ነው። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ የከንፈሯ አንድ ወገን ወደ ታች ወርዷል። ኬብሮን እንደምንም ተነሥቶ ወደ ቤት መለሳት።

ሶልያና ጽዱን ለቀቀችው። እጇን እሾህ የወጋት ይመስል አየችው።

«ሄመን ታማለች?»

«አዎ» አለች ሹክታ። «ስትሮክ ነው። ከክረምቱ በፊት።»

«ሆስፒታል ተኝታ ነበር?»

«ተኝታ ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ጠይቋታል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለዚያ ቤት መስማት አትወጂም ነበር። ስማቸው ሲነሣ ፊትሽ ይጠቁራል። እኔ ያንቺን ደህንነት ነው የምጠብቀው። ደግሞም ልክ ነበርሽ።»

ሶልያና ወደ ቤት ገባች። ሹክታዋን ከጆሮዋ ጀርባ ነቀለቻት። ነቅላ የማታውቃት በመሆኑ ቆዳዋ ትንሽ ሙጭጭ አድርጎ ያዛት። የምታስቀምጥበት ስታጣ ስኳር ዕቃው ውስጥ ከታ ክዳኑን ገጠመችው። ከውስጥ «ልክ ነሽ፣ ትንሽ ዕረፍት ያስፈልግሻል» የሚል ድምፅ ለስኳሩ ሲነገር ይሰማ ነበር። ጆሮዋ በረዳት። ከዚያ በመንገዱ ዞራ የኬብሮንን የፊት በር ልታንኳኳ ሄደች። ደረጃው ገደል የመሰለ ነው፤ እሷ ራሷ ጤነኛዋ ሁለት ጊዜ ቆማ ነው የጨረሰችው። በዊልቸር የሚወጣበት ወይም የሚወረድበት አይደለም።

ኬብሮን በሩን ከፈተ። ጉልበቱ ላይ አፈር አለ።

«ምን ልታዘዝ?» አለ። «እርስዎ ወደዚህ ቤት ሲመጡ ...»

«እግዜር ይማርልህ ልል ነው የመጣሁት» አለች። «ለምን አልነገርከኝም፣ ኬብሮን?»

ኬብሮን ጉልበቱ ላይ ያለውን አፈር አራገፈ።

«ነግሬሻለሁ እኮ» አለ በመጨረሻ፤ አንቱታው ከአፉ የት እንደወደቀ ሳያውቀው። «ልኬልሻለሁ። ሄመን እግሯ አልታዘዝ ብሏታል፤ በደረጃው ማውጣት አቃተኝ፤ ካንቺ ግቢ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ደልዳላ ነውና ከአጥሩ ለዊልቸር የምትበቃ ቀዳዳ ብቻ ክፈችልን አልኩ። እባክሽ ብዬ ነው። እባክሽ ማለት ለኔ ቀላል አልነበረም።»

«እኔ የደረሰኝ 'አጥሩን ማስቆረጥ ይፈልጋሉ፤ ምክንያት መስጠት አያስፈልጋቸውም' የሚል ነው።»

ኬብሮን እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። የሆነ ነገር እየተነገረው መሆኑ ከዓይኑ ያስታውቃል፤ ምናልባትም ልክ መሆኑ። ሹክታውን ጎትቶ አወጣትና ደረጃው ላይ አስቀመጣት። ደረጃው ቁልቁል ስለሆነ ተንከባልላ ወረደች። ሁለቱም አልተከተሏትም።

ሄመን መስኮቱ ዳር ነበረች። እሷ ሹክታ ካወለቀች ቆይታለች። ከሕመሙ በኋላ ቃላት አንድ በአንድ ነው የሚወጡላት፤ ሹክታዋ ደግሞ ትዕግሥት ስለሌላት ዓረፍተ ነገሩን ቀድማ ትጨርስላት ነበር። «ውሃ» ስትል «ውሃ ልክ ነው»፣ «ውጪ» ስትል «ውጪ ብርድ ነው» ትላታለች። የምትፈልገውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትናገር ስትስማማ ከረመች።

ሶልያና ከጎኗ ተቀመጠች። ይቅርታ ልትል አስባ ነበር፤ አፏን ስትከፍት ግን «ፀጉርሽን ማን ነው እንዲህ የቆረጠሽ?» አለች።

ሄመን በጤነኛ እጇ ኬብሮንን ጠቆመች። ከዚያ ሶልያና አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ ጫልቱን ጠሩ። ሐሙስ ማለት ነገ ነው፤ መርዙ ከተረጨ አጥሩ ለወራት አይነካም፣ ግቢውም አይረገጥም፤ ሄመን እስከዚያ መስኮት ዳር ትቀራለች። ወፏ ምን እንደምትሆን የምታውቀው ወፏ ናት። ጫልቱ ነገሩን ሰምታ፣ ቢሮው ሲቋቋም የተጻፈ አንድ አንቀጽ አለ አለች፤ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ወፏ ምን እንደሆነች በአንድ ቃል ከተስማሙ ውሳኔው ይነሣል።

«እስካሁን የተጠቀመበት ሰው የለም» አለች። «ይሠራ አይሠራ አላውቅም።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱም በኬብሮን ጓሮ፣ ከሪባኑ ወዲህ ተቀመጡ። ኬብሮን ሄመንን ያወጣት የደጃፉን ሪባን በጥርሱ በጥሶ ነው። ጆሯቸው ባዶ ስለሆነ መጀመሪያ ሁሉም ተፋፈሩ፤ ዝምታው የሌላ ሰው ቤት ይመስል ነበር።

«እንግዲህ» አለች ሶልያና፣ «ሆዷ ሰማያዊ ነው።»

«ሰማያዊ ነው።»

«ጉንጯ ላይ ቀይ ነጥብ አለ።»

«የለም» አለ ኬብሮን። «በየቀኑ አያታለሁ። ጉንጯም ሰማያዊ ነው።»

«ኬብሮን፣ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።»

«በገዛ ዓይኔ ነው የምልሽ እኔም።»

የዝናቡ ነገር ሊመለስ ምንም አልቀረውም። ሶልያና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፤ ኬብሮን ክንዱን አጣመረ። ሁለቱም እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄዶ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። የሚጠይቁት ስላጡ ያላቸው አማራጭ ማየት ብቻ ሆነ።

ወፏ ከጽዱ ወርዳ ሳሩ ላይ አረፈች፤ ቀይ ጉንጯን አብርታ። ሶልያና አፏን ልትከፍት ስትል ሌላ መጣች። ሁለተኛዋ እንደ መጀመሪያዋ ሰማያዊ ናት፤ ጉንጯ ግን ንጹሕ ነው። ጎን ለጎን ሆነው የሳሩን ፍሬ ይለቅሙ ጀመር።

«ባል» አለች ሄመን። ትንሽ አረፈች። «እና ሚስት።»

ኬብሮን ሲያይ የከረመው ሚስቲቱን ነበር፤ ሶልያና ያየችው ባልየውን። ሁለቱም አንዷን አይተው ያወቁ መስሏቸው ሌላ መኖሩን ዞረው አላዩም።

«ግሪሳ ነው እንዴ ይኼ?» አለች ሶልያና። «ሁለት ሆነው ሳር እየለቀሙ?»

«ያንቺስ የሰማይ ፈርጥ፣ ዶሮ መስላ እግራችን ሥር ትጭራለች?»

«ልጆች ... ሆነን» አለች ሄመን። ሁለቱም ዞሩ። ቃሉን ለማውጣት ግንባሯን አላባት። «በየደጁ ... ነበሩ።»

ሶልያና ያኔ ትዝ አላት። ትምህርት ቤት፣ ከክፍል ልጆቿ ጋር አጥሩ ሥር ምሳ ስትበላ፣ እነዚህ ወፎች እንደ ውሻ ቀርበው ፍርፋሪ ይጠብቁ ነበር። በየግቢው ነበሩ፣ በየቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ነበሩ። ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም።

«ስማቸው ማን ነበር?»

ኬብሮን አሰበ። ሄመን አሰበች።

«ስም አልነበራቸውም» አለ ኬብሮን። «ወፍ ነበር የምንላቸው። ብዙ ነበሩዋ።»

መኪናው ደረሰ። ጫልቱ ፀጉሯን አምሮባት ተሠርታ ወረደች፤ ከኋላዋ መርጫ ያዘለ ሰውና ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰው ወረዱ። ፊሽካ ያለው ሄዶ አጥሩ ፊት ቆመና እጁን ዘረጋ፤ መርጫ ያዘለው ፊት ለፊቱ ቆሞ ቱቦውን አስተካከለ። ሁለቱ ባልደረቦች ናቸው፤ ቁርስ አብረው በልተዋል። ማን ቀድሞ ሥራውን እንደሚጀምር ግን የነገራቸው የለም።

«ተስማማችሁ?» አለች ጫልቱ።

«ተስማምተናል» አለ ኬብሮን ብድግ ብሎ፤ ባቡር እንደሚያሳልፍ ሰው ቀጥ አለ። «ሰማያዊ ሆድ ያላት ተራ የጓሮ ወፍ ናት። ሳር ትለቅማለች። ማንንም አትጎዳም።»

«ቆንጆ የሚለውን ጨምር» አለች ሶልያና።

«ቆንጆ የሚለው አስተያየት ነው።»

«ታዲያ አስተያየታችንን አይደል የጠየቀችን?»

«ቆንጆ ተራ የጓሮ ወፍ» አለ ኬብሮን በረጅሙ ተንፍሶ።

ጫልቱ የሰማችውን ለሹክታዋ ደገመችላት። መልሷንም አዳመጠች። ፊቷ ቀስ በቀስ ግራ ተጋባ።

«ተራ ለሆነ ነገር አንቀጽ የለንም» አለች። «ብርቅዬ ከሆነች እንጠብቃታለን። ተባይ ከሆነች እናጠፋታለን። ተራ ከሆነች ምን እናድርጋት?»

«ተያት» አለች ሄመን።

ጫልቱ ወደ ሳሩ አየች። ትእዛዝ የሌለበት ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም፤ አስተያየቷ የተጠራጣሪ ነበር። ወፎቹ ከጫማዋ ጫፍ ብዙም አይርቁም። «ለካ» አለች በቀስታ። ረጪው መርጫውን አወረደ። ጠባቂው እጁን አወረደ። ሪባኑን ማን ይጠቅልል በሚለው ላይ ሁለቱም ልክ ስለነበሩ፣ ኬብሮን ራሱ ጠቀለለው።

ቀዳዳውን የከፈቱት በሌላው የአጥሩ ጫፍ፣ ከጎጆው ርቆ ነው። ከየት እስከ የት ይቆረጥ በሚለው ላይ ሶልያናና ኬብሮን ድምፃቸው እስኪሰማ ተጨቃጨቁ። እሱ ሰፋ ይበል አለ፤ እሷ ዊልቸር ነው ወይስ የጭነት መኪና ነው የምታሳልፈው አለች። በየመስኮቱ ሰው ብቅ አለ። መንደሩ ክርክር ከሰማ ዓመታት ስላለፉ አንዳንዱ «ሰው ታሟል» ብሎ ሐኪም ጠርቶ ነበር። ሐኪሙ መጣና ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፣ ፊታቸው ብቻ ቀልቷል ብሎ ሄደ። በመጨረሻ ቀዳዳው ለኬብሮን ጠበበ፣ ለሶልያና ሰፋ፤ ዊልቸሩን ግን አሳለፈ።

ሄመን በዚያ አልፋ ወደ ሶልያና ግቢ ገባች። ሐይቁ ከታች ያበራል። ኬብሮን ወደ መንገዱ ሊገፋት ሲል እጇን አንሥታ አስቆመችው። ዊልቸሯን ወደ ሶልያና ቤት አዞረችና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ሶልያና በዚያ ዓመት ነው ያስቀባችው፤ ብርቱካናማ፣ ጠርዙ ሐምራዊ። ቀለሙን የመረጠችው ራሷ ናት።

«ቀለሙ ... » አለች ሄመን። ቃሉን ፈለገችው። ሶልያና አልረዳቻትም፤ ቆማ ጠበቀች።

«ቀለሙ ... አስቀያሚ ነው።»

ኬብሮን ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሶልያና ዞራ ቤቷን አየች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና አየችው።

«በጣም ነው እንዴ?» አለች።

«በጣም» አለች ሄመን። ይህቺን ቃል ለማውጣት አልተቸገረችም።